ሶልቴር፦ ፋብሪካ የወለደው የሠራተኞች መንደር

ስለ ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወሳው የማሽኑ ታሪክ ነው። የእንፋሎቱ ሞተር መቼ እንደ ተፈለሰፈ፣ ሐዲዱ ከየት ወዴት እንደ ተዘረጋ፣ የጭስ ማውጫው ስንት ጫማ ከፍታ እንዳለው በዝርዝር ይነገራል። ማሽኑን ሲያንቀሳቅስ የዋለው ሠራተኛ ማታ ወዴት እንደሚገባ፣ የሚጠጣውን ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ልጆቹ በምን ዓይነት ክፍል እንደሚያድሩ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ከመጀመሪያው አንሥቶ ተነጣጥለው የማያውቁ ሁለት ግንባታዎች ናቸው። ፋብሪካ በተተከለበት ሁሉ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበትም ሁሉ ቤት፣ ውሃ፣ መንገድና የቆሻሻ ማስወገጃ የግድ ያስፈልጋሉ። እነዚህን ነገሮች ማን ይሥራቸው? ከተሠሩ በኋላስ የማን ይሁኑ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት አንድን ምሳሌ ከሥሩ መመርመር ይበጃል። በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር ክፍለ ሀገር የሚገኘው የሶልቴር መንደር ለዚህ የተመቸ ነው። መንደሩ በአንድ ሰው ገንዘብ፣ በአንድ የአርኪቴክቶች ቡድን ፕላን፣ በ20 ዓመት ያህል ጊዜ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይፈርስ ቆይቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብራድፎርድና ጭሱ

የሶልቴር ታሪክ የሚጀምረው ከራሱ ከሶልቴር ሳይሆን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከብራድፎርድ ከተማ ነው። በ1801 ብራድፎርድ 13,000 ያህል ነዋሪዎች ያሏት አነስተኛ የገበያ ከተማ ነበረች። በ1851 የነዋሪዋ ቁጥር ከ100,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በ50 ዓመት ውስጥ ከሰባት እጥፍ በላይ አደገች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሳበው የሱፍ ፈትልና የሱፍ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ነው። ከገጠር የፈለሰው ገበሬ፣ በእጁ ሲሸምን ኖሮ በማሽን የተረታው ሸማኔ፣ ከአየርላንድ ረኃብ የሸሸው ስደተኛ ሁሉ ወደ ከተማይቱ ጎረፈ።

ከተማይቱ ግን ለዚህ የተዘጋጀች አልነበረችም። ቤት ሠሪዎች ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ኪራይ ለማግኘት ሲሉ ቤቶችን ጀርባ ለጀርባ አጣብቀው ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለው ቤት በሦስት ጎኑ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ በርና መስኮት የሚኖረው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል መውጣት አይችልም። መጸዳጃው የብዙ ቤተሰብ የጋራ ነበረ፤ ፍሳሹም በከተማይቱ መካከል ወደሚያልፈው ወንዝ ይገባ ነበር። የከተሞችን ጤንነት እንዲመረምር ከተቋቋመው ኮሚሽን ዘንድ ተልኮ የመጣው ጄምስ ስሚዝ በ1845 ባቀረበው ዘገባ ካያቸው ከተሞች ሁሉ በቆሻሻነትና በአስተዳደር ጉድለት ብራድፎርድን የሚስተካከል እንደሌለ ገልጧል።

በ1849 ኮሌራ ገብቶ በብራድፎርድ ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ጊዜ የከተማይቱ ከንቲባ የነበረው ታይተስ ሶልት የሚባል የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ሶልት በ1803 በሊድስ አቅራቢያ በሞርሊ ተወለደ፤ አባቱ የሱፍ ነጋዴ ነበር። እርሱም ከአባቱ ጋር በንግድ ከሠራ በኋላ በ1830ዎቹ ዓመታት ሌሎች የናቁትን ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ የአልፓካ ፀጉር በማሽን የሚፈተልበትን ዘዴ አግኝቶ ከፍ ያለ ሀብት አካበተ። ከንቲባ በሆነበት ወቅት ፋብሪካዎች ሁሉ የጭስ መቀነሻ መሣሪያ እንዲያስገቡ ለማስገደድ ቢሞክርም የሙያ ጓደኞቹ አልተባበሩትም። በራሱ ፋብሪካዎች ያስገባው መሣሪያ የሚሠራ መሆኑን ቢያሳይም የከተማይቱ ሰማይ እንደ ጠቆረ ቀረ። ከዚህም የተነሣ በከተማይቱ ውስጥ ተበታትነው የነበሩትን ፋብሪካዎቹን በአንድነት ጠቅልሎ ከከተማው ለመውጣት ቆረጠ።

የቦታው ምርጫና ፋብሪካው

የተመረጠው ቦታ የኤር ወንዝ ሸለቆ ነው። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ምርጫው በጥንቃቄ የተደረገ ነበር። ወንዙ ለሱፍ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ይሰጣል። ከሊድስ እስከ ሊቨርፑል የተቆፈረው የጀልባ ቦይ በቦታው ያልፋል፤ በእርሱም የድንጋይ ከሰልና ጥሬ ዕቃ በርካሽ ይጓጓዛል። የባቡር ሐዲዱም ከቦዩ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። ውሃ፣ ቦይ፣ ሐዲድና መንገድ በጥቂት መቶ ሜትር ስፋት ውስጥ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ቦታ በአካባቢው በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የመንደሩ ስም የባለቤቱንና የወንዙን ስም በማጣመር «ሶልቴር» ተባለ።

የሕንፃው ሥራ ለሄንሪ ሎክዉድና ለዊልያም ሞሰን፣ ለሁለቱ የብራድፎርድ አርኪቴክቶች ተሰጠ። የማሽኖቹን አቀማመጥና የኃይሉን አቅርቦት ያቀደው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው መሐንዲስ ዊልያም ፌርቤርን ነው። ፋብሪካው ባለ ስድስት ፎቅ ሆኖ የደቡብ ገጹ ርዝመት 545 ጫማ ወይም 166 ሜትር ያህል ነው። የጭስ ማውጫው 250 ጫማ ያህል ከፍታ ሲኖረው መልኩ የጣሊያን ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት እንዲመስል ተደርጓል። እሳት እንዳይዛመት ሲባል ወለሎቹ በብረት ምሰሶዎችና በጡብ ቅስቶች ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። በሽመናው አዳራሽ ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎች ከወለሉ በታች እንዲያልፉ ተደረጉ፤ በዚህም ጩኸቱና አቧራው ከመቀነሱም በላይ በቀበቶ የመያዝ አደጋ ቀነሰ። ከጣሪያው የሚወርደው የዝናም ውሃም ለሱፍ ማጠቢያ እንዲሆን ከመሬት በታች ይጠራቀም ነበር።

ፋብሪካው መስከረም 20 ቀን 1853፣ ሶልት 50 ዓመት በሞላበት ዕለት ተመረቀ። በግብዣው ላይ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተገኙ፤ ከእነዚህም የሚበዙት የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው በዚያ ዕለት አንድም የሠራተኛ መኖሪያ ቤት ያልተሠራ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ቀደመ፤ ቤቱ ተከተለ። እስከዚያው ድረስ ሠራተኞቹ ከብራድፎርድ በባቡር ይመላለሱ ነበር።

ቤቶቹ

የመኖሪያ ቤቶቹ ግንባታ በ1854 ተጀምሮ እስከ 1868 ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻው ከ800 በላይ ቤቶች በ22 መንገዶች ላይ ተደርድረው ተሠሩ። ጠቅላላው ስፍራ ፋብሪካውንና የሕዝብ ሕንፃዎቹን ጨምሮ 20 ሔክታር ያህል ነው። መንገዶቹ ቀጥ ብለው የተቀየሱ ሲሆኑ አብዛኞቹ የተሰየሙት በሶልት ባለቤትና በልጆቹ ስም ነው። ዋናው መንገድ በንግሥት ቪክቶሪያ ሲጠራ ሁለት አነስተኛ መንገዶች ደግሞ የሁለቱን አርኪቴክቶች ስም ይዘዋል።

ቤቶቹ ከአካባቢው በተፈለጠ የአሸዋ ድንጋይ ተገንብተው ከዌልስ በመጣ ስስ የጣሪያ ድንጋይ ተከድነዋል። እርስ በርሳቸው በረድፍ የተያያዙ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ብራድፎርዶቹ ጀርባ ለጀርባ አልተጣበቁም። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። እያንዳንዱ ቤት በፊቱ ወደ መንገድ፣ በጀርባው ወደ ራሱ ጓሮ የሚከፈት በርና መስኮት አለው። አየር ከፊት ገብቶ ከኋላ ይወጣል። በሁለት የግድግዳ መስኮቶች መካከል ያለው ይህ ቀላል የሚመስል ጉዳይ በሳንባ ነቀርሳ ለሚሠቃይ የከተማ ሠራተኛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

የተራው ሠራተኛ ቤት በምድር ወለሉ ላይ ምግብ የሚበሰልበትና ቤተሰቡ የሚቀመጥበት አንድ ዋና ክፍል፣ ከኋላው ደግሞ የዕቃና የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረው። ከሥሩ ምግብ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ምድር ቤት ተሠርቷል። በላዩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ክፍሎች ይገኛሉ። መኝታ ክፍሎቹ ከአንድ በላይ እንዲሆኑ የተፈለገበት ምክንያት ወላጆች፣ ወንዶች ልጆችና ሴቶች ልጆች በየፊናቸው እንዲያድሩ ነው። በብራድፎርድ አንድ ቤተሰብ በአንድ ክፍል መታጎሩ የተለመደ ስለ ነበረ ይህ በዘመኑ ትልቅ መሻሻል ተብሎ ተቆጥሯል። በጓሮው የከሰል ማስቀመጫና የቤተሰቡ የግል መጸዳጃ ነበረ፤ ጥራጊውም በጓሮ በኩል በሚያልፈው ስርጥ መንገድ ይወሰድ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት የቧንቧ ውሃ ገብቶለታል፤ ለመብራትም ጋዝ ተዘርግቶለታል።

ይህ በዚህ እንዳለ ቤቶቹ ሁሉ እኩል አልነበሩም። ካቦዎች የተሰጧቸው ቤቶች ሰፋ ያሉ ሲሆኑ በፊታቸው ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበራቸው። በየረድፉ ጫፍና መካከል ከፍ ብለው የሚታዩት ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶችም ከተራው ሠራተኛ ቤት የተለዩ ናቸው። ለሥራ አስኪያጆች፣ ለመምህራንና ለቄሱ የተሠሩት ደግሞ በመንደሩ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ነበሩ። የተራው ሠራተኛ በር ግን በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈት ነበር። ስለዚህ የመንደሩን ቤቶች ከውጭ የተመለከተ ሰው ማን የማን አለቃ እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ሊያውቅ ይችል ነበር። የጣሪያው ከፍታ፣ የመስኮቱ ቅርጽና የበሩ ጌጥ የፋብሪካውን የማዕረግ ተዋረድ በድንጋይ ላይ የጻፉ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ማንሣት ይገባል። ግንባታው በተጀመረበት ጊዜ ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ነው የሚለው እምነት ገና የጸና ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው በውሃ እንደሚተላለፍ በለንደን ያሳየው በዚያው በ1854 ሲሆን፣ አስተያየቱም በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ዘግይቶ ነው። የሶልቴር ሠሪዎች የተነሡት ከተሳሳተ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሽታን ለማጥፋት ሲሉ የሠሯቸው የፍሳሽ መስመሮች፣ የግል መጸዳጃዎችና የቧንቧ ውሃ በእርግጥ በሽታውን የሚከላከሉ ሆነው ተገኙ። በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ንድፈ ሐሳቡ ሳይጠራ ሥራው የቀናበት ይህ አንዱ አብነት ነው።

ከቤቱ ውጭ

መንደር የሚሆነው በቤት ብቻ አይደለም። ከፋብሪካው ፊት ለፊት በ1859 ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በ1863 የገላ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ቤት ተከፈተ፤ ልብሱ በእንፋሎት ኃይል በሚሠሩ ማሽኖች ይታጠብ ነበር። በ1868 ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ተሠሩ። ከዚያም አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍትና የንባብ ክፍሎች ያሉት የትምህርትና የመዝናኛ ተቋም ተከተለ። በ1871 ደግሞ ከወንዙ ማዶ የሕዝብ መናፈሻ ተከፈተ። ለአረጋውያን 45 የመጦሪያ ቤቶች ተሠርተው ነዋሪዎቻቸው ኪራይ ሳይከፍሉ እንዲኖሩባቸው ሆነ፤ በየሳምንቱም ለባልና ሚስት 10 ሺሊንግ፣ ለብቸኛ ሰው 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይሰጥ ነበር። የመንግሥት የአረጋውያን ጡረታ በእንግሊዝ በሕግ የተደነገገው ገና በ1908 መሆኑ ሲታሰብ ይህ የሚናቅ አይደለም።

በመንደሩ የሌለው አንድ ነገር መጠጥ ቤት ነበር። ባለቤቱ በመንደሩ ውስጥ መጠጥ ቤት እንዲከፈት አልፈቀደም። የመዝናኛ ተቋሙም የተሠራው ሠራተኛው በመጠጥ ቤት የሚያገኘውን ጨዋታና ወዳጅነት ያለ መጠጡ እንዲያገኘው በማሰብ ነው። ሐሳቡ መልካም ሊባል ይችላል። ሆኖም አዋቂ ሰው ከሥራ በኋላ በምን እንደሚዝናና የሚወስንለት አሠሪው መሆኑ ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሣል። ልጆችን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። የ1844ቱ የፋብሪካ ሕግ ከ8 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ግማሽ ቀን እየሠሩ ግማሽ ቀን እንዲማሩ ይፈቅድ ስለ ነበረ፣ ያማረው ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ ብዙዎቹን የሚቀበለው ከማሽን አጠገብ ውለው ወይም ወደ ማሽን ሊሄዱ ሲሉ ነበር።

የኪራዩ ሒሳብ

ብዙ ጊዜ ሶልቴር የአንድ ደግ ሰው ምጽዋት ተደርጎ ይነገራል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንድ ተራ የሠራተኛ ቤት ለማሠራት 120 ፓውንድ ያህል፣ የካቦ ቤት ደግሞ 200 ፓውንድ ያህል ይፈጅ ነበር። ሳምንታዊው ኪራይ እንደየቤቱ ስፋት ከ2 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ እስከ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይደርሳል። ዝቅተኛው ኪራይ 120 ፓውንድ በፈጀው ቤት ላይ ቢታሰብ በዓመት 6 ፓውንድ ያህል ይሆናል። ይኸውም የጥገናው ወጪ ሳይቀነስ በመቶ 5 ያህል ነው። ይህ ከሱፍ ንግድ ከሚገኘው ትርፍ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቢሆንም ምጽዋት አይባልም፤ ቤቱ ራሱን በራሱ ይከፍላል።

ከኪራዩ በተጨማሪ በመዝገብ የማይገባ ጥቅም ነበር። ጤናማ ሠራተኛ ከሥራ አይቀርም። ከፋብሪካው በር አምስት ደቂቃ ርቆ የሚኖር ሠራተኛ አይዘገይም። ደኅና ቤት ያገኘ የሠለጠነ ሠራተኛ ወደ ሌላ ፋብሪካ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያስባል። ከ3,000 ሰው በላይ ለሚያሠራ ፋብሪካ እነዚህ ነገሮች በገንዘብ ቢተመኑ ቀላል አይሆኑም። ስለዚህ የሶልቴር ቤቶች ደግነትና ጥቅም በአንድ መሠረት ላይ የቆሙባቸው ናቸው ማለት ከእውነት አያርቅም። ይህ ሲባል የባለቤቱን ሥራ ለማቃለል አይደለም። ተመሳሳይ ጥቅም ሊያገኙ ይችሉ የነበሩ በርካታ የብራድፎርድ ባለ ፋብሪካዎች ይህን አላደረጉትም።

ቤትና ሥራ በአንድ እጅ

የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በሶልቴር አሠሪውና አከራዩ አንድ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ቤቱን የሚያገኘው በሥራው ምክንያት ነው። አሠሪው ፋብሪካውን፣ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና መናፈሻውን በአንድነት ሲይዝ፣ ከአለቃው ጋር የተጣላ ሠራተኛ የሚያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም። በአንድ ደብዳቤ ሥራም ቤትም ጎረቤትም ሊያጣ ይችላል። አባታዊ አስተዳደር የሚባለው ይህ ነው፤ አባት ልጁን ይመግባል፣ ያለብሳል፣ ሲያጠፋም ከቤት ማስወጣት የሚችለው እርሱ ነው።

ይህ ሥጋት ከንቱ አለመሆኑን በአሜሪካ የደረሰው ነገር አሳይቷል። የባቡር ፉርጎ ባለ ፋብሪካ የነበረው ጆርጅ ፑልማን ከ1880 ጀምሮ ከቺካጎ በስተ ደቡብ በራሱ ስም የሚጠራ የሠራተኞች ከተማ አሠራ። ቤቶቹ በጡብ የተሠሩ፣ ውሃና ጋዝ የገባላቸው፣ በዘመኑ ከነበሩት የሠራተኛ ቤቶች ሁሉ የላቁ ነበሩ። በ1893 የኤኮኖሚ ቀውስ ሲደርስ ኩባንያው ደመወዝ ቀነሰ፤ የቤት ኪራዩን ግን አልቀነሰም። ሠራተኞቹ በግንቦት 1894 የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው ወደ ብዙ የባቡር መሥመሮች ተዛምቶ የፌዴራሉ መንግሥት ጦር እስኪያዘምት ድረስ ደረሰ፤ ሰውም ሞተ። በ1898 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ከፋብሪካው ሥራ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ቤቶችና መሬት እንዲሸጥ ፈረደ። ደመወዝ ከፋዩና ኪራይ ሰብሳቢው አንድ ሲሆኑ ምን ሊከተል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረም ታሪክ ይመሰክራል። በፈረንሳይ ሙሉዝ ከተማ የፋብሪካ ባለቤቶች በ1853፣ የሶልቴር ፋብሪካ በተመረቀበት ዓመት፣ አንድ የቤት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ቤቶቹ አራት አራት ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር የተጣመሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአትክልት ቦታ ነበራቸው። ሠራተኛው በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ እየተጠራቀመ በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት ያደርገው ነበር። ከሶልቴር ብዙም በማይርቀው በሃሊፋክስ ከተማ ኤድዋርድ አክሮይድ የሚባል ሌላ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ከ1859 ጀምሮ ባሠራው መንደር ሠራተኞች በቤት ሥራ ማኅበር በኩል ተበድረው ቤቱን የግላቸው እንዲያደርጉ ሞከረ። በበርሚንግሃም አጠገብ ደግሞ የቸኮላት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ጆርጅ ካድበሪ ቦርንቪል የተባለውን መንደር በ1900 ከኩባንያው ለይቶ ለአንድ ነፃ የአደራ ድርጅት አስረከበ፤ ቤቶቹም በፋብሪካው ለማይሠሩ ሰዎች ጭምር ክፍት ሆኑ።

እነዚህ መንደሮች ሁሉ በቤት አሠራር ረገድ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። የጎላው ልዩነት በቁልፉ ባለቤትነት ላይ ነው። የፕላን ወረቀት የግድግዳውን ውፍረትና የመስኮቱን ስፋት ያሳያል እንጂ ነዋሪው በምን መብት እንደሚኖርበት አያሳይም። ነገር ግን ቤቱን ለነዋሪው መጠጊያ ወይም ልጓም የሚያደርገው ያ በወረቀቱ ላይ የማይታየው ነገር ነው።

ከባለቤቱ በኋላ

ታይተስ ሶልት በታኅሣሥ 1876 ሞተ። በቀብሩ ቀን በመንገዱ ዳርና ዳር የቆመው ሕዝብ 100,000 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል፤ የተቀበረውም ራሱ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሞቱ በኋላ ግን ንግዱ እየደከመ ሄደ። የልብስ ፋሽን ተለወጠ፤ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያትም የውጭው ገበያ ጠበበ። በ1892 ኩባንያው ከሰረ። በ1893 ጄምስ ሮበርትስ የሚገኝበት አንድ የነጋዴዎች ቡድን ፋብሪካውንና መንደሩን በአንድነት ገዛ። አንድ ቤተሰብ በኪራይ ቤቱ እንደ ተቀመጠ ሳያውቀው ከነመንደሩ ወደ ሌላ ባለቤት የሚተላለፍበት ሁኔታ ይህ ነው።

በ1933 መኖሪያ ቤቶቹ ከፋብሪካው ተለይተው ለአንድ የቤት ንብረት ድርጅት ተሸጡ። ድርጅቱም ቤቶቹን ቀስ በቀስ ለነዋሪዎቹና ለሌሎች ገዢዎች ሸጠ። ግንባታው ከተጀመረ ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ ሥራና ቤት በሶልቴር ተለያዩ። ይህም መለያየት ለመንደሩ መዳን ምክንያት ሆነ ማለት ይቻላል። ፋብሪካው በ1986 የጨርቅ ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ ቤቶቹ አብረው አልተዘጉም። ቤቶቹ የፋብሪካው ንብረት ሆነው ቢቆዩ ኖሮ ለዕዳ ይያዙ ወይም በጅምላ ይሸጡ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን አብዛኞቹ ባለቤት ያላቸው፣ የሚጠገኑና ሰው የሚኖርባቸው ነበሩ።

ፋብሪካውን በ1987 ጆናታን ሲልቨር የተባለ የብራድፎርድ ተወላጅ ነጋዴ ገዛው። ውስጡንም የብራድፎርድ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ ሥራዎች የሚታዩበት አዳራሽ፣ የንግድ ቤቶችና የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ቦታ አደረገው። በ1965 ተዘግቶ የነበረው የባቡር ጣቢያም ቀደም ሲል በ1984 እንደ ገና ተከፍቶ ነበር። በታኅሣሥ 2001 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባሕል ድርጅት መንደሩን በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

ሆኖም ቅርስ መሆን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ሰው የሚኖርበት ቤት እንደ ሐውልት ሳይነካ ሊቀመጥ አይችልም። በጓሮ ያለው መጸዳጃ ወደ ቤት መግባት ነበረበት፤ መታጠቢያ ክፍል፣ የማሞቂያ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መሥመር መጨመር ነበረባቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ባለቤቶች የእንጨቱን መስኮት በፕላስቲክ፣ የጥንቱን በር በፋብሪካ በር ለወጡ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ በ800 ቤቶች ላይ ሲደመር ግን የረድፉን ወጥነት ያጠፋል። መንደሩ በ1971 የጥበቃ ክልል ከተባለ በኋላ ቤቶቹ በሕግ ከሚጠበቁ ሕንፃዎች ተመዝግበው የመስኮትና የበር ለውጥ በፈቃድ እንዲሆን ተደርጓል። እነሆ ዛሬም ነዋሪው ቤቱን እንደ ፈለገ ማድረግ አይችልም። ልዩነቱ ከልካዩ የጥንቱ የፋብሪካ ባለቤት አለመሆኑና ሕጉ በሁሉ ላይ በእኩልነት መሥራቱ ነው።

ለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

ከሶልቴር ታሪክ ለመሐንዲስና ለአርኪቴክት የሚተርፍ ትምህርት አለ። የመጀመሪያው የግንባታው ጥራት ነው። ለተራ ሠራተኛ የተሠሩት ቤቶች ከ150 ዓመት በላይ ሳይፈርሱ የኖሩት በጥሩ ድንጋይ፣ በጥሩ መሠረትና በሚገባ በታሰበ የፍሳሽ መሥመር ስለ ተሠሩ ነው። ለድኻ የሚሠራ ቤት ለአጭር ዕድሜ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መንደር ፊት አይቆምም። ቤቱን ካሠራው ኩባንያ፣ ከማሽኑ፣ ከጨርቁ ዓይነትም በላይ የቆየው ያ ተራ ቤት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቅደም ተከተልን ይመለከታል። ፋብሪካው በ1853 ሲመረቅ ቤቶቹ ገና በወረቀት ላይ ነበሩ፤ የመጨረሻው ቤት እስኪያልቅም 15 ዓመት ፈጀ። በአሁኑም ዘመን በማናቸውም አገር የኢንዱስትሪ ፕሮጀክት ሲታቀድ ለማሽኑ የተመደበው ገንዘብ በጊዜው ይወጣል፤ የሠራተኛው መኖሪያ ግን «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይባላል። ያ ሁለተኛ ምዕራፍ እስኪደርስ ሠራተኛው የትም ማደሩ አይቀርም። ሲያድርበት የቆየው ሰፈርም ከጊዜ በኋላ ከፋብሪካው ይልቅ ለማስተካከል የሚከብድ ችግር ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ከፕላኑ ወረቀት ውጭ ያለው ነው። የሠራተኛ መንደር የሚያቅድ ባለሙያ ውሃውን፣ ፍሳሹንና መንገዱን ካሰላ በኋላ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ለአሠሪው ማቅረብ ይገባዋል። ሠራተኛው ሥራውን የለቀቀ ዕለት ቤቱ ምን ይሆናል? ኩባንያው የተሸጠ ዕለት መንደሩ ምን ይሆናል? ፋብሪካው የተዘጋ ዕለትስ ውሃውንና መብራቱን ማን ያስኬዳል? በሶልቴር እነዚህ ጥያቄዎች በ1854 አልተጠየቁም። መልሱን ያገኙት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ ያም በክስረት፣ በሽያጭና በ80 ዓመት ጥበቃ የተገኘ ነው። መንደሩ ዕድል ቀንቶት ከዚያ ሁሉ ተርፏል። በዓለም ላይ ፋብሪካቸው ሲዘጋ አብረው የጠፉት የሠራተኛ መንደሮች ግን ብዙዎች ስለሆኑ ጥያቄዎቹ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ቢጠየቁ ይሻላል።